የአኮስቲክ ጊታር ድምፅ ማጉላት

የአኮስቲክ ጊታር ድምፅ ማጉላት የጊታሩን የክርና የእንጨት ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ፣ በአምፕሊፋየርና በስፒከር አማካይነት ለብዙ አድማጭ የማሰማት ሥራ ነው። በክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰዎች በቂ የሆነ የጊታር ድምፅ ከበሮ፣ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ባሉበት መድረክ ላይ ይዋጣል፤ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ብቻውን ቢሆንም ኋላ ለተቀመጠው ሰው አይደርስም።

ድምፁን ከፍ ማድረግ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ከፍ ካለ በኋላም የእንጨት ጊታር ድምፅ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ቀጭንና ጥርት ያላለ፣ ወይም እንደ ፕላስቲክ የሚንቀጫቀጭ፣ ወይም በባስ የሚያጉረመርም ይሆናል፤ አልፎ አልፎም መሣሪያው ራሱን መልሶ እየሰማ መጮህ ይጀምራል። እያንዳንዱ ጉድለት የታወቀ ምክንያት ስላለው፣ ምልክቱ ከክሩ ተነሥቶ እስከ ስፒከሩ የሚያልፍበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ጉድለቱ የት እንደተፈጠረ ለይቶ ማስተካከል ይችላል።

የጊታሩ ድምፅ ከየት ይመጣል

ክር ቀጭን ስለሆነ ብቻውን ብዙ አየር አያንቀሳቅስም። ክሩ ሲመታ ንዝረቱ ሳድል በሚባለው ቀጭን ማሳረፊያና በብሪጁ በኩል አልፎ ወደ ፊተኛው ሳንቃ ይደርሳል። ሳንቃው ሰፊና ቀላል በመሆኑ አየሩን ይገፋል፤ ሰው የሚሰማውም በአብዛኛው ይህንን ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየርም በድምፅ ቀዳዳው በኩል እየወጣና እየገባ፣ አፉ ላይ እንደተነፋ ጠርሙስ፣ የራሱን ዝቅተኛ ድምፅ ይጨምራል።

በመደበኛው ቅኝት የጊታር ስድስት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ 82.4፣ 110፣ 146.8፣ 196፣ 246.9 እና 329.6 ሄርዝ ድግግሞሽ አላቸው። በትላልቅ ባለ ብረት ክር ጊታሮች የሳጥኑ አየር በይበልጥ የሚያስተጋባው በ100 ሄርዝ አካባቢ ሲሆን፣ የፊተኛው ሳንቃ ዋና ማስተጋባት ደግሞ በ200 ሄርዝ አካባቢ ይገኛል። ሁለቱም በጊታሩ የባስ ክሮች ክልል ውስጥ ስለሚወድቁ ለድምፁ ሙላት ይሰጣሉ። ድምፁ ሲጎላ የሚያስቸግሩትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ከጊታሩ የተለያዩ ክፍሎች የሚወጣው ድምፅ አንድ ዓይነት አይደለም። ከድምፅ ቀዳዳው ፊት ባስ ይበዛል፤ አንገቱ ከሳጥኑ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ድምፁ የተመጣጠነ ነው፤ ከብሪጁ ጀርባ ደግሞ መካከለኛው ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ራቅ ብሎ የተቀመጠ አድማጭ እነዚህን ሁሉ ተቀላቅለው ይሰማቸዋል። አንድ ነጥብ ላይ የተተከለ ድምፅ መቀበያ ግን የዚያን ነጥብ ድምፅ ብቻ ይዞ ይሄዳል። የጎላ ጊታር ከተፈጥሮ ድምፁ የሚለይበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ታሪክ

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ የዳንስ ባንዶች ውስጥ ጊታር በመለከትና በሳክስፎን ድምፅ ይዋጥ ነበር። መፍትሔው በመጀመሪያ የመጣው ከማግኔት ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሪከንባከር በመባል የሚታወቀው ድርጅት ማግኔትና የመዳብ ጥቅል ሽቦ ያለው ፒካፕ የተገጠመለትን፣ በጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ ጊታር ለገበያ አቀረበ። ጊብሰን ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1936 ኢኤስ-150 የተባለውን ጊታር አወጣ፤ የጃዝ ጊታሪስቱ ቻርሊ ክርስቲያን ይህን ጊታር በስፋት አስተዋወቀ። ይህ መስመር ቀስ በቀስ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር አመራ።

የአኮስቲክ ጊታርን ባሕርይ ሳይለቁ ለማጉላት የተደረገው ጥረት በሌላ መንገድ ቀጠለ። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ጄ-160ኢ የአኮስቲክ ጊታር መልክ ያለው፣ በአንገቱ ጫፍ በኩል የማግኔት ፒካፕ የተገጠመለት ጊታር ነው። የቢትልሶቹ ጆን ሌነንና ጆርጅ ሃሪሰን ይህን ጊታር ይጠቀሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው «አይ ፊል ፋይን» ዘፈን መግቢያ ላይ የሚሰማው ፊድባክም ሆን ተብሎ ከዚህ ዓይነት ጊታር የወጣ ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ የመጣው ከፒዞ ኤሌክትሪክ ነው። የፈረንሳይ የፊዚክስ ሊቃውንት ወንድማማቾቹ ዣክ እና ፒየር ኩሪ እንደ ኳርትዝ ያሉ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ እንደሚያመነጩ እ.ኤ.አ. በ1880 አሳይተዋል። ይህ ባሕርይ ለሙዚቃ መሣሪያ ፒካፕ በስፋት የዋለው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ውስጥና ከዚያ በኋላ ነው። የሄሊኮፕተር መሐንዲስ የነበሩት ቻርልስ ካማን የመሠረቱት ኦቬሽን፣ ጀርባቸው ከሰው ሠራሽ ቁስ የተሠራ ድቡልቡል ጊታሮችን በሳድላቸው ሥር ፒዞ እየገጠመ በማቅረብ ዘዴውን ለመድረክ ሙዚቀኞች አስለመደ።

ኤምቲቪ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረው «አንፕለግድ» ፕሮግራም የአኮስቲክ ጊታርን እንደገና ወደ መድረኩ መሐል አመጣው። የፕሮግራሙ ስም «ከኤሌክትሪክ የተነቀለ» የሚል ትርጉም ቢኖረውም ጊታሮቹ በፒካፕና በማይክሮፎን ይጎሉ ነበር። የኒርቫናው ከርት ኮቤይን እ.ኤ.አ. በ1993 በዚሁ ፕሮግራም ላይ የተጫወተበት ማርቲን ዲ-18ኢ ጊታር እ.ኤ.አ. በ1959 ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የማግኔት ፒካፕ የነበረው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል።

የድምፅ መቀበያ ዓይነቶች

በሳድል ሥር የሚገባ ፒዞ

ዛሬ ከፋብሪካ ፒካፕ ተገጥሞላቸው የሚሸጡ አብዛኞቹ አኮስቲክ ጊታሮች የሚጠቀሙት ይህንን ነው። ፒዞው በሳድሉ ሥር የሚቀመጥ ቀጭን ዘንግ ወይም ገመድ መሰል ቁራጭ ሲሆን ክሮቹ ሲንቀጠቀጡ የሚያደርጉትን የግፊት ለውጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ለናይለን ክርም ለብረት ክርም ይሠራል፤ የማይታይ ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅም ፊድባክን ይቋቋማል።

ጉድለቱ ከሳንቃው የሚወጣውን የአየር ድምፅ ሳይሆን ክሩ በሳድሉ ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት መስማቱ ነው። ስለዚህ የምቱ መነሻ ሹልና ደረቅ ሆኖ ይወጣል፤ በኃይል ሲመታ ደግሞ ብዙ ሙዚቀኞች ከዳክዬ ድምፅ ጋር የሚያመሳስሉት ቃና ይሰማል። ከአገጣጠም የሚመጣ ችግርም አለ። የሳድሉ ሥር ወይም የተቀመጠበት ቦይ ወለል ፍጹም ደልዳላ ካልሆነ ግፊቱ ለሁሉም ክር እኩል አይደርስም፤ በዚህ ጊዜ አንዱ ክር ከሌሎቹ ደክሞ ይሰማል። ይህን ኢኳላይዘር አያስተካክለውም፤ ሳድሉን ነቅሎ ማስተካከል ያስፈልጋል።

በሳንቃው ላይ የሚለጠፍ ፒካፕ

ይህም በአብዛኛው ፒዞ ነው፤ ነገር ግን ከብሪጁ በታች በሳጥኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፎ የእንጨቱን ንዝረት ይቀበላል። ድምፁ ከሳድል ሥር ፒዞ ይልቅ ለስለስ ያለና ወደ ተፈጥሮ የቀረበ ነው። ቦታው በአንድ ወይም በሁለት ሳንቲ ሜትር ቢለወጥ እንኳ ቃናው ስለሚለወጥ፣ በቋሚነት ከመለጠፉ በፊት በጊዜያዊ ማጣበቂያ የተለያዩ ቦታዎችን መሞከር የተለመደ ነው። ሳንቃውን በቀጥታ ስለሚሰማ ግን ለፊድባክ የበለጠ የተጋለጠ ነው።

የማግኔት ፒካፕ

በድምፅ ቀዳዳው ላይ ተገጥሞ የብረት ክሮችን እንቅስቃሴ ይቀበላል። ሙሉ ባስና ሞቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ፊድባክንም በደንብ ይቋቋማል። የናይለን ክርን ፈጽሞ አይሰማም። የአኮስቲክ ጊታር ወፍራም ክሮች በማግኔት በማይሳብ ነሐስ የተጠቀለሉ በመሆናቸው ፒካፑ የሚሰማው በውስጣቸው ያለውን የብረት ልብ ብቻ ነው፤ ያልተጠቀለሉት ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ግን ሙሉ በሙሉ ብረት ናቸው። ከዚህ የተነሣ ሁለተኛው ክር ከሌሎቹ በልጦ የመጮህ ዝንባሌ አለው፤ ለአኮስቲክ ጊታር ተብለው የተሠሩ ፒካፖች ይህን ለማመጣጠን ከዚያ ክር ሥር ያለውን ማግኔት ዝቅ ያደርጉታል።

ማይክሮፎን

ወደ ተፈጥሮ ድምፁ የሚቀርበው ከውጭ የቆመ ጥሩ ማይክሮፎን ነው። የተለመደው መነሻ ቦታ አንገቱ ከሳጥኑ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ማይኩ ወደ ድምፅ ቀዳዳው በቀጥታ ሲዞር ባሱ ይበዛል። በሌላ በኩል ማይክሮፎን ከጊታሩ ሌላ የከበሮውንም፣ የሞኒተሩንም ድምፅ ይወስዳል፤ ጊታሪስቱም ከቦታው መንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ ለጸጥተኛ መድረክና ለስቱዲዮ ይመረጣል፤ ጩኸት ለሚበዛበት ባንድ ግን አይመችም።

የሁለት መቀበያዎች ጥምረት

ብዙ ባለሙያዎች ባሱን ከፒካፕ፣ ቀጭኑን ድምፅ ከማይክሮፎን እየወሰዱ ያዋሕዳሉ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ምልክቶች እኩል እንደማይደርሱ ማስተዋል ያስፈልጋል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ወደ ቆመ ማይክሮፎን ለመድረስ ከ1 ሺህኛ ሴኮንድ ትንሽ ያነሰ ጊዜ ይወስድበታል። ይህ መዘግየት በ570 ሄርዝ አካባቢ የግማሽ ሞገድ ልዩነት ስለሚፈጥር ሁለቱ ምልክቶች በዚያ ድግግሞሽ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ድምፁም ባዶ ቱቦ ውስጥ ያለ ይመስላል። የአንደኛውን ፖላሪቲ መገልበጥ፣ ማይኩን ጥቂት ማንቀሳቀስ ወይም በዲጂታል ሚክሰር የፒካፑን ምልክት በዚያው መጠን ማዘግየት ችግሩን ይቀንሰዋል።

ኢምፒዳንስና ፕሪአምፕ

ፒዞ ያለው ጊታር በቀጥታ ወደ ሚክሰር ሲሰካ ድምፁ ቀጭንና ባስ የሌለው የሚሆነው ለምንድን ነው? ፒዞ በኤሌክትሪክ ባሕርዩ እንደ ትንሽ ካፓሲተር ነው። ከሚክሰሩ መግቢያ ተቃውሞ (ኢምፒዳንስ) ጋር ሲገናኝ ዝቅተኛ ድግግሞሾችን የሚቆርጥ ማጣሪያ ይፈጥራል። መቁረጡ የሚጀምርበት ድግግሞሽ አንድን በ6.28፣ በመግቢያው ተቃውሞና በካፓሲታንሱ ብዜት በማካፈል ይገኛል።

ለምሳሌ የፒዞው ካፓሲታንስ 500 ፒኮፋራድ ነው ቢባል ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦

• የመግቢያው ተቃውሞ 10 ኪሎኦም ሲሆን (የብዙ ሚክሰሮች የላይን መግቢያ በዚህ መጠን አካባቢ ነው) መቁረጡ ከ31,800 ሄርዝ ገደማ በታች ይጀምራል። ይህ ሰው ከሚሰማው በላይ ስለሆነ የጊታሩ ድምፅ በሙሉ ይጎዳል፤ ባሱ በተለይ ይጠፋል።

• መግቢያው 1 ሜጋኦም ሲሆን (የተለመደ የጊታር አምፕሊፋየር መግቢያ) መቁረጡ በ318 ሄርዝ ገደማ ላይ ይሆናል። አሁንም ወፍራሞቹ ክሮች ይሳሳሉ።

• መግቢያው 10 ሜጋኦም ሲሆን መቁረጡ ወደ 32 ሄርዝ ይወርዳል። ይህ ከዝቅተኛው ክር ድግግሞሽ በታች ስለሆነ የጊታሩ ባስ ሳይነካ ያልፋል።

በዚህ ምክንያት ከፒዞው ቀጥሎ ከፍተኛ የመግቢያ ተቃውሞና ዝቅተኛ የመውጫ ተቃውሞ ያለው ፕሪአምፕ ያስፈልጋል። በጎኑ ላይ የቮልዩምና የቃና መቆጣጠሪያ ያለው ጊታር ፕሪአምፑ በውስጡ አለ ማለት ነው። ምንም መቆጣጠሪያና ባትሪ የሌለው ጊታር ግን የውጭ ፕሪአምፕ ይፈልጋል፤ ፕሪአምፑም በተቻለ መጠን ለጊታሩ ቅርብ መሆን አለበት። የጊታር ኬብል ራሱ በአንድ ሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ አለው። ስለዚህ የ5 ሜትር ኬብል በፒዞውና በፕሪአምፑ መካከል ሲገባ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የምልክቱን መጠን በግማሽ ይቀንሰዋል።

አብዛኞቹ የውስጥ ፕሪአምፖች በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራሉ። ባትሪው ሲደክም በለስላሳ ምት ጊዜ ምንም ላይታወቅ ይችላል፤ በኃይል ሲመታ ግን ድምፁ ይሰነጠቃል። በብዙ ጊታሮች ኬብሉ ሲሰካ ፕሪአምፑ ስለሚበራ፣ ኬብሉን ሰክቶ መተው ባትሪውን ይጨርሳል። ከዝግጅት በፊት ባትሪ መቀየር ብዙ የመድረክ ችግር ያስቀራል።

ዲ.አይ. ቦክስ

ጊታሪስቱ ከሚቆምበት መድረክ እስከ ሚክሰሩ ድረስ ብዙ ጊዜ 20 ወይም 30 ሜትር ይሆናል። ተራ የጊታር ኬብል አንድ የምልክት ሽቦና አንድ መከለያ ብቻ ስላለው በረጅም ርቀት ላይ የኤሌክትሪክ መስመሮችን ድምፅ ይለቅማል። ዲ.አይ. ቦክስ ምልክቱን ወደ ዝቅተኛ ተቃውሞ ለውጦ በሁለት ሽቦ፣ እርስ በርሳቸው ተቃራኒ አድርጎ፣ በማይክሮፎን ኬብል ይልከዋል። በመንገድ ላይ የገባው ጫጫታ በሁለቱም ሽቦዎች ላይ እኩል ስለሆነ፣ ሚክሰሩ የሁለቱን ልዩነት ሲወስድ ጫጫታው ይጠፋል።

ዲ.አይ. ቦክስ ሁለት ዓይነት ነው። በትራንስፎርመር ብቻ የሚሠራው ኃይል አይፈልግም፤ ፕሪአምፕ ላለው ጊታር በቂ ነው። በኃይል የሚሠራው ከባትሪ ወይም ከሚክሰሩ ከሚላከው 48 ቮልት ኃይል ያገኛል፤ የመግቢያ ተቃውሞው ከፍ ያለ በመሆኑ ፕሪአምፕ ለሌለው ጊታር የተሻለ ነው፤ ለፒዞ ሲሆን ግን የመግቢያውን መጠን አይቶ መምረጥ ይገባል።

ፊድባክ

ፊድባክ የሚፈጠረው ከስፒከር የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ መቀበያው ሲደርስና በየዙሩ እየጎላ ሲሄድ ነው። ክስተቱን በሳይንስ ባጠኑት የዴንማርክ ሳይንቲስት ሰረን ላርሰን ስም የላርሰን ክስተት ተብሎም ይጠራል። በአኮስቲክ ጊታር ላይ ችግሩ የሚብሰው ጊታሩ ራሱ ድምፅ እንዲቀበልና እንዲንቀጠቀጥ ሆኖ የተሠራ ሳጥን በመሆኑ ነው። የስፒከሩ ድምፅ ሳንቃውን ያንቀጠቅጣል፤ ሳንቃው ፒካፑን ያናውጣል፤ ፒካፑ እንደገና ወደ ስፒከሩ ይልካል። ሳጥኑ በ100 ሄርዝ አካባቢ በይበልጥ ስለሚያስተጋባ፣ መጀመሪያ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ጥልቅ የሆነ ማጉረምረም ነው። ማይክሮፎን ላይ ግን የሚቀድመው ብዙ ጊዜ ሹል ፉጨት ነው።

መፍትሔዎቹ በቅደም ተከተል ሲታዩ ርካሾቹ ይቀድማሉ፦

1. አቀማመጥ። ዋናዎቹ ስፒከሮች ከጊታሪስቱ ፊት፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው መቆም አለባቸው። ጊታሪስቱ ከስፒከሩ ራቅ ሲል ወይም ሰውነቱን ጥቂት ሲያዞር ማጉረምረሙ ሊቆም ይችላል።

2. የድምፅ ቀዳዳውን መክደን። ለዚህ የተሠራ የጎማ ክዳን የሳጥኑን የአየር ማስተጋባት ያዳክማል። የጊታሩ የራሱ ድምፅ ይቀንሳል፤ በስፒከር ለሚሰማው አድማጭ ግን ልዩነቱ ጥቂት ነው።

3. ፖላሪቲ መገልበጥ። በብዙ ፕሪአምፖች ላይ ለዚህ የሚሆን ቁልፍ አለ። ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ ሳንቃውን ከመግፋት ይልቅ እንዲቃወም ሊያደርግ ይችላል። ውጤቱ በርቀቱ ስለሚወሰን በሁለቱም አቅጣጫ ሞክሮ የተሻለውን መያዝ ነው።

4. ጠባብ ማጣሪያ። ኖች የሚባለው ማጣሪያ የሚያጉረመርመውን አንድ ድግግሞሽ ብቻ ይቀንሳል። ባሱን በሙሉ መቁረጥ ጊታሩን ሲያሳሳው፣ ጠባቡ ማጣሪያ ግን የቀረውን አይነካም።

5. ሞኒተሩን መቀነስ። ለጊታሪስቱ ራሱን የሚያሰማው ስፒከር ከሁሉም የቀረበ ስለሆነ ዋነኛው የፊድባክ ምንጭ እሱ ነው። በጆሮ ውስጥ የሚገባ ሞኒተር ይህን ዙር ይቆርጠዋል።

ለማይክሮፎን ሲሆን የማይኩን ዓይነት ማወቅ ይጠቅማል። ካርዲዮይድ ማይክሮፎን በትክክል ከጀርባው የሚመጣውን ድምፅ በጣም በትንሹ ስለሚሰማ ሞኒተሩ ከጀርባው በኩል ይቀመጣል። ሱፐር ካርዲዮይድ ግን ደካማ የሚሰማው ከፊቱ 125 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ማዕዘን በኩል ስለሆነ፣ ሞኒተሩ ትንሽ ወደ ጎን መሆን አለበት።

ኢኳላይዘር

ኢኳላይዘር የምልክቱን ክፍሎች እየለየ የሚጨምርና የሚቀንስ ነው። በአኮስቲክ ጊታር ላይ ከመጨመር ይልቅ መቀነስ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ የተጨመረ ድግግሞሽ ሁሉ ለፊድባክ አዲስ በር ስለሚከፍት ነው። የሚከተሉት መጠኖች መነሻ ናቸው፤ እንደ ጊታሩና እንደ አዳራሹ ይለያያሉ።

• ከ80 ሄርዝ በታች፦ በመደበኛ ቅኝት ጊታሩ እዚህ ኖታ የለውም። የእግር ርግጫ፣ የእጅ ግጭትና የመድረክ ንዝረት ስለሆነ ይቆረጣል።

• ከ100 እስከ 250 ሄርዝ፦ የድምፁ ሙላትም ማጉረምረሙም እዚህ ነው። ቤዝ ጊታር ባለበት ባንድ ውስጥ መቀነስ ድምፁን ግልጽ ያደርጋል፤ ጊታሪስቱ ብቻውን ሲያጅብ ግን መተው ይመረጣል።

• ከ1 እስከ 3 ኪሎሄርዝ፦ የፒዞው ደረቅ ቃና በይበልጥ የሚሰማበት ክልል ነው። በጥቂት ዴሲቤል መቀነስ ለጆሮ የሚቆረቁረውን ድምፅ ያለሰልሳል። የዘፋኙ ቃላት የሚሰሙትም በዚሁ ክልል ስለሆነ ቅነሳው ለድምፃዊውም ቦታ ይለቃል።

• ከ5 እስከ 10 ኪሎሄርዝ፦ የክሩ ብልጭታና የምቱ ጥራት ነው። ሲበዛ የጣት መንሸራተትና የፒክ ድምፅ ያጎላል።

በቅርብ ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ ዲጂታል ፕሪአምፖች ከኢኳላይዘር አልፈው ይሄዳሉ። ጊታሩ በጥሩ ማይክሮፎን ሲቀዳ የሚሰማው ድምፅ ከፒዞው ምልክት ጋር ተነጻጽሮ ልዩነቱ እንደ አሻራ ይቀመጣል፤ በመድረክ ላይ የፒዞው ምልክት በዚህ አሻራ ውስጥ ሲያልፍ የሳጥኑን ባሕርይ በከፊል መልሶ ያገኛል። ብዙ ጊዜ ይህ ድምፅ ከጥሬው ፒዞ ጋር ተቀላቅሎ ይሠራበታል።

የሥራ ቅደም ተከተል

ጥሩ ድምፅ የሚጀምረው ከጊታሩ ነው። ያረጀ ክር የደነዘዘ ድምፅ ይሰጣል፤ ኢኳላይዘርም የሌለውን ብልጭታ አይፈጥርም። እንጨቱ ሲደርቅ ፊተኛው ሳንቃ ስለሚሰምጥ ክሮቹ ፍሬቶቹን እየነኩ ይንቀጫቀጫሉ፤ ይህም ሲጎላ ይብሳል። ለዚህም ጊታርን ከ45 እስከ 55 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ባለው ቦታ ማስቀመጥ ይመከራል፤ በደረቅ ወራት በሣጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚሰጥ መሣሪያ ማኖር ይረዳል።

በድምፅ ሙከራ ጊዜ ባለሙያው መጀመሪያ የጊታሩንና የሚክሰሩን የቃና መቆጣጠሪያዎች ሁሉ ወደ መሐል ይመልሳል። ቀጥሎ ጊታሪስቱ በዝግጅቱ ላይ በሚመታበት ትልቁ ኃይል እንዲመታ ተደርጎ የሚክሰሩ ጌን ቀይ መብራቱ በማይበራበት ልክ ይስተካከላል። በለስላሳ ምት ተሞክሮ የተስተካከለ ጌን ዝግጅቱ ሲሞቅ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ሞኒተሩ፣ ቀጥሎ የአዳራሹ ስፒከር፣ በመጨረሻ ኢኳላይዘርና ሪቨርብ ይመጣሉ። ባዶ አዳራሽ ከሞላ አዳራሽ ይልቅ ስለሚያስተጋባ፣ በሙከራው ጊዜ የበዛ የመሰለ ሪቨርብ ሕዝቡ ሲገባ ልክ ሊሆን ይችላል። ጊታሩም ብቻውን ሳይሆን ከባንዱ ጋር ተሰምቶ መመዘን አለበት።

የኤሌክትሪክ ደኅንነት

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ስለሆነ፣ ከመስመሩ የሚመጣው «ህምም» የሚል ድምፅ በ50 እና በ100 ሄርዝ ላይ ይሰማል። ብዙውን ጊዜ የሚነሣው አምፕሊፋየሩና ሚክሰሩ በተለያዩ ሶኬቶች ተሰክተው መሬታቸው በሁለት መንገድ ሲገናኝ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ሁለቱንም ከአንድ መስመር ማብራት ወይም የዲ.አይ. ቦክሱን የመሬት ማላቀቂያ ቁልፍ መጠቀም ነው፤ ይህ ቁልፍ የሚያላቅቀው የምልክት ኬብሉን መከለያ ብቻ ነው።

ድምፁን ለማጥፋት ሲባል የመሰኪያውን የመሬት ሽቦ መቁረጥ ወይም የመሬት ሽቦ በሌለው ማራዘሚያ መጠቀም ሕይወት ያጠፋል። አምፕሊፋየሩ ሲበላሽ መሄጃ ያጣው ኤሌክትሪክ በኬብሉ በኩል ወደ ጊታሩ የብረት ክፍሎች ይደርሳል፤ ጊታሪስቱ በአንድ እጁ ጊታሩን ይዞ በከንፈሩ ወይም በሌላው እጁ ማይክሮፎኑን ሲነካ ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ ውስጥ ያልፋል። የስኮትላንዱ ባንድ የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ሳለ መሬቱ በትክክል ያልተያያዘ ማይክሮፎን ነክቶ በኤሌክትሪክ ተመትቶ ሞቷል። ጊታሩንና ማይኩን ሲነኩ ትንሽ ንዝረት እንኳ ከተሰማ ሥራውን አቁሞ መስመሩን ማስመርመር ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ፍሳሽ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ መስመሩን የሚያቋርጥ መከላከያ በመድረኩ መስመር ላይ መግጠምም አደጋውን ይቀንሳል።

በኢትዮጵያ የክር መሣሪያዎች ላይ

ከላይ የተገለጹት መርሆዎች ለክራር፣ ለማሲንቆና ለበገናም ይሠራሉ፤ ሆኖም የየመሣሪያው አሠራር ምርጫውን ይለውጠዋል። የክራር ገበቴ የሚሸፈነው በቆዳ ነው። ቆዳ ከእንጨት ሳንቃ ይልቅ በስፒከር ድምፅ በቀላሉ ስለሚንቀጠቀጥ ፊድባክ ቶሎ ይነሣል። ክሩ ጅማት ወይም ናይለን ከሆነ የማግኔት ፒካፕ አይሰማውም፤ የፒዞ ፒካፕ ያስፈልጋል። የብረት ክር ላለው ክራር ግን ሁለቱም ይሆናሉ። ለመድረክ የሚሠሩ አንዳንድ የኤሌክትሪክ ክራሮች በቆዳ ፈንታ ጣውላ የሚጠቀሙት ድምፁ ሳይጮህ ከፍ እንዲል ለማስቻል ነው።

የማሲንቆ ክርም ደጋኑም ከፈረስ ጭራ ስለሆነ ለማግኔት ፒካፕ አይመችም፤ ማይክሮፎን ወይም በገበቴው ላይ የሚለጠፍ ፒዞ ይመረጣል። በገና አሥር አውታሮች አሉት። በየአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው እንዚራ የተባለው ቁራጭ ቆዳ ለመሣሪያው ልዩ የሆነውን የሚነዝር ድምፅ ይሰጠዋል። ይህ ድምፅ ከዝቅተኛው ኖታ በላይ ብዙ ከፍተኛ ድግግሞሾችን የያዘ በመሆኑ ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ መቁረጥ በገናውን ያደነዝዘዋል። በገና ብዙውን ጊዜ ተቀምጠው በጸጥታ የሚደረድሩት መሣሪያ ስለሆነ፣ በቅርብ የቆመ ጥሩ ማይክሮፎን ለመሣሪያውም ለደርዳሪው ዜማም በቂ ሊሆን ይችላል።